መርፌው ያንቀጠቀጠው ለምንድን ነው? የባክቴሪያ ፕሮቲንና ሦስቱ የስብ ጭራዎች

ባለፈው ክረምት ሐረር ሸዋ በር አካባቢ በሸክም ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት ጎረቤቴ ታመመ። የሚያድረው ከስድስት ጓደኞቹ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ትኩሳቱ አምስት ቀን አስተኝቶት ድንገት ለቀቀው፤ «ድኛለሁ» ብሎ ወደ ሸክሙ ተመለሰ። ሳምንት አለፍ እንዳለ ግን አገረሸበት። ጓደኞቹ ደግፈው ለምርመራ ወሰዱት፤ ደሙ በማይክሮስኮፕ ታየና ግርሻ ትኩሳት ነው ተባለ። መርፌ ተወጋ። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አልጋው እስኪንቋቋ ድረስ አንቀጠቀጠው፤ ትኩሳቱም ከበፊቱ ባሰ። ጓደኞቹ «መርፌው ነው፣ አልተስማማውም፣ ሊገድሉት ነው» ብለው አንስተው ሊወጡ ሲሉ ነርሷ በሩ ላይ ቆማ «እባካችሁ ወንድሞቼ፣ ይህችን ሌሊት ብቻ እዚህ ይደር» እያለች ለመነቻቸው። አደረ። በማግስቱ ትኩሳቱ ጠፍቶ ሻይ በዳቦ ጠየቀ።

በጓደኞቹ አልፈርድም። መድኃኒት ገብቶ በሽታ ሲብስ በዓይኑ ያየ ሰው መድኃኒቱን ቢጠረጥር ምን ይገርማል? ያን ብርድ ብርድ ያመጣው ግን መድኃኒቱ መርዝ ሆኖ አይደለም። መነሻው ባክቴሪያዋ ፕሮቲኖቿን በላይዋ ላይ የምትሰቅልበት መንገድ ነው። ነገሩ ረቂቅ ቢሆንም ከሥሩ ከተያዘ ማንም ሊረዳው ይችላል።

የባክቴሪያ ሽፋን ምንድን ነው?

ትኩስ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅቤ አስቡ። የፈለጋችሁትን ያህል ብታማስሉት ቅቤው ከውኃው ጋር አይዋሃድም፤ ተመልሶ ቅቤ ከቅቤ ጋር ይገናኛል። ስብ ውኃን ይሸሻል፣ ስብን ግን ይፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ነገር በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህች ጠባይ ላይ ነው።

ባክቴሪያ ማለት በስብ ቅጠል የተጠቀለለች የውኃ ጠብታ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንጀታችን የምትኖረው ኢ. ኮላይ ርዝመቷ ወደ 2 ማይክሮሜትር ነው፤ አንዷን ሚሊሜትር ለመሙላት 500 ያህሎቹ ፊትና ኋላ መሰለፍ አለባቸው። የሚጠቀልላት የስብ ቅጠል ደግሞ ውፍረቱ ከ4 ናኖሜትር ብዙም አይርቅም። ሚሊሜትሯን ለ250 ሺህ ብትከፍሏት የአንዱ ድርሻ ይህን ያህል ነው። ሽፋን የምንለው ይህን ቅጠል ነው። ሁለት ድርብ ነው፦ ውኃ የሚወዱት የስብ ራሶች ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ሲያዩ፣ ውኃ የሚጠሉት ጭራዎች መሃል ላይ እርስ በርስ ተያይዘው ይደበቃሉ።

ስብ ብቻውን ግን ከግድግዳነት አያልፍም። ምግብ የሚያስገባው፣ ቆሻሻ የሚያስወጣው፣ ከአካባቢው ወሬ የሚያቀብለው፣ ከሰው ህዋስ ጋር የሚጣበቀው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን እንደ ጨሌ በክር የተሰካ ዶቃ ነው፤ ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ፣ ዓይነታቸውም 20 ነው። የዶቃዎቹ ተራ ሲለያይ የፕሮቲኑም ሥራ ይለያያል። ጨሌው የሚሰካው ባክቴሪያዋ ውስጥ፣ ውኃው መሃል ነው። አብዛኛው ፕሮቲን ውኃ ወዳድ ስለሆነ ስብ ላይ አስቀምጣችሁ ዞር ብትሉ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ታዲያ ምን አስሮ ያስቀምጠዋል?

ታዲያ እንዴት ይሰቀላል?

የሐረሪ ቤት የገባ ሰው የጊድር ጋርን፣ የዋናውን ክፍል፣ ግድግዳ አይረሳውም። ስፌቱ፣ ሙዳዩ፣ ሳህኑ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። አንዳንዱ ዕቃ ግድግዳው ውስጥ በተፈለፈለ መደርደሪያ ይገባል፤ የበዛው ግን ከፊት ተሰቅሎ ይታያል። ባክቴሪያም የምታደርገው ይህንኑ ነው። አንዳንድ ፕሮቲኖች መሃል ወገባቸው ስብ በሚወዱ ዶቃዎች የተሠራ በመሆኑ ሽፋኑን ከዳር እስከ ዳር በስተው ይቀመጣሉ፤ ግድግዳው ውስጥ እንደገባው ዕቃ ማለት ነው። ሌሎቹ ግን ሙሉ አካላቸው ውኃው ውስጥ ሆኖ በአንድ ጫፋቸው ብቻ ይሰቀላሉ።

ልዩነቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የባክቴሪያዋ ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ሳይሆን ስብ ነው፤ ሚስማር አይዝም። ስለዚህ ማንጠልጠያው ራሱ ስብ መሆን አለበት። ባክቴሪያዋ በፕሮቲኑ ጫፍ ላይ የስብ ጭራዎች ትቀጥልበታለች፤ ጭራዎቹ በወጡ ላይ እንዳለው ቅቤ ወደ ወገናቸው፣ ወደ ሽፋኑ ስብ ሰምጠው ይገባሉ። ፕሮቲኑም ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እንዲህ ስብ የተቀጠለበት ፕሮቲን ሊፖፕሮቲን ይባላል። (በደም ምርመራ ከኮሌስትሮል ጋር ስሙ የሚነሳ ሊፖፕሮቲን አለ፤ እሱ በደማችን ስብ የሚያጓጉዝ ሌላ ነገር ስለሆነ አይምታታባችሁ።)

ስቡን ማን ነው የሚቀጥለው?

በዚህ ሥራ ላይ ሦስት ሠራተኞች ተራ ይዘው ይቆማሉ። ሠራተኛ ስል ኢንዛይም ማለቴ ነው፤ ኢንዛይም አንድን የኬሚካል ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ከነሱ በፊት ግን መውጫው በር አለ።

የሐረሩ ግንብ ጀጎል ጥንት አምስት በሮች እንደነበሩትና ወጪ ገቢው ሁሉ በነሱ ያልፍ እንደነበረው፣ የባክቴሪያዋም ሽፋን ፕሮቲን የሚያሳልፉ የተወሰኑ በሮች አሉት፤ ዋነኛው ሴክ ይባላል። የሚወጣው ፕሮቲን ከፊቱ ወደ 20 በሚጠጉ ዶቃዎች የተጻፈ የይለፍ ወረቀት ይዟል። ፕሮቲን አድራሻውን በራሱ ላይ ይዞ እንደሚዞር ያሳየው ጉንተር ብሎበል እ.ኤ.አ. በ1999 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። እሱ የሠራው በእንስሳት ህዋስ ላይ ነበር፤ በባክቴሪያም ያው ሆኖ ተገኝቷል።

የሊፖፕሮቲን የይለፍ ወረቀት ግን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ምልክት አለው። ወረቀቱ ከሚያልቅበት ቀጥላ ያለችው ዶቃ ሁልጊዜ ሲስቲን ናት። ሲስቲን ድኝ ያላት ዶቃ ናት፤ ስቡ የሚያያዘውም በዚህ ድኝ ላይ ነው። ፕሮቲኑ በሩን ሲያልፍ የይለፍ ወረቀቱ ሽፋኑ ውስጥ ተሰክቶ ይይዘዋል፤ ያኔ የመጀመሪያው ሠራተኛ ይቀርባል። ኤልጂቲ ይሉታል። ስብ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ከሽፋኑ ከራሱ አንድ ስብ ይነቅልና ሁለቱን ጭራዎች አንድ ላይ በሲስቲኗ ድኝ ላይ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ሠራተኛ፣ ኤልኤስፒ የሚባለው፣ መቀስ ነው። የይለፍ ወረቀቱን ልክ ከሲስቲኗ በፊት ይቆርጠዋል። ይህ መቀስ ስብ ያልተቀጠለበትን ፕሮቲን አይቆርጥም፤ ፊተኛው ሥራውን ካልጨረሰ ኋለኛው እጁን አያነሳም። ከተቆረጠ በኋላ ሲስቲኗ የጨሌው የመጀመሪያ ዶቃ ትሆናለች፣ ነፃ ጫፍም ታገኛለች። ሦስተኛው ሠራተኛ ኤልኤንቲ በዚህ ነፃ ጫፍ ላይ ሦስተኛውን የስብ ጭራ ያክላል። ሦስተኛውን ሳይጨምሩ በሁለቱ ብቻ የሚያበቁ ባክቴሪያዎችም ብዙ ናቸው።

እነዚህን ሦስት ጭራዎች ያዙልኝ። ጎረቤቴን ያንቀጠቀጡት እነሱ ናቸው።

ከተቀጠለ በኋላ የት ይሄዳል?

ኢ. ኮላይን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ሽፋናቸው አንድ ብቻ አይደለም፤ ውስጠኛና ውጭኛ አላቸው፣ በመካከሉም ውኃማ ክፍተት አለ። ፕሮቲኑ የሚታሰበው ለውጭኛው ከሆነ ሦስት የስብ ጭራ ይዞ ውኃ መሻገር አለበት። ስብ ደግሞ ውኃ ይፈራል። መፍትሔው ድንቅ ነው፦ ሎል የሚባል የአሸካሚዎች ቡድን አለ። አንደኛው ወገን ጉልበት አውጥቶ ፕሮቲኑን ከውስጠኛው ሽፋን ይነቅላል፤ ሁለተኛው ጭራዎቹን በጉያው ደብቆ ውኃውን ያሻግራል፤ ሦስተኛው በውጭኛው ሽፋን ተቀብሎ ይተክላል። በኢ. ኮላይ ማን እንደሚሻገርና ማን እንደሚቀር የምትወስነው ከሲስቲኗ ቀጥላ ያለችው ዶቃ ናት። አስፓርቲክ አሲድ ከሆነች «እዚሁ ይቅር» ማለት ነው።

ከተሻጋሪዎቹ ዝነኛው በቮልክማር ብራውን ስም የሚጠራው ነው፤ ለዓለም የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። 58 ዶቃ ብቻ ያላት ትንሽ ፕሮቲን ናት፤ ሆኖም በአንዲት ኢ. ኮላይ ላይ ቁጥሯ ከግማሽ ሚሊዮን ይበልጣል። በአንድ ጫፏ በስብ ጭራዎቿ ውጭኛውን ሽፋን ትይዛለች፤ ሢሶዎቹ ያህል ደግሞ በሌላው ጫፋቸው ከሥሩ ካለው ጠንካራ መረብ ጋር ተሰፍተው ሁለቱን ያያይዛሉ። የስቡን አቀጣጠል ሃንትከና ብራውን እ.ኤ.አ. በ1973 ዘርዝረው አሳዩ። በኢ. ኮላይ ከ90 በላይ የሊፖፕሮቲን ዓይነቶች ይታወቃሉ።

የግርሻ ትኩሳት ባክቴሪያ ግን ቦሬሊያ ነች፤ እሷ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። ኢ. ኮላይ ብዙውን ሊፖፕሮቲኗን ወደ ውስጥ አዙራ ስትሰቅል፣ ቦሬሊያ ብዙውን ከቤት ውጭ፣ መንገደኛ በሚያየው ግንብ ላይ ነው የምትሰቅለው። በቅርብ ዘመዷ፣ የላይም በሽታን በምታመጣው ቦሬሊያ፣ ከ120 በላይ የሊፖፕሮቲን ዓይነቶች ተቆጥረዋል፤ ይበዙት የሚገኙት ላይኛው ገጽ ላይ ነው።

ትኩሳቱ ሄዶ የሚመለሰው ለምንድን ነው?

በቅማል የሚተላለፈውን ግርሻ የምታመጣው ቦሬሊያ ሬከረንቲስ ትባላለች። እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘች ናት፤ ርዝመቷ እስከ 30 ማይክሮሜትር ይደርሳል። በሽተኛው ትኩሳት ላይ ሳለ ደሙ በመስታወት ላይ በስሱ ተቀብቶ (ብለድ ፊልም ይሉታል) በጂምሳ ቀለም ተነክሮ ሲታይ በቀይ የደም ህዋሶች መሃል ተኝታ ትገኛለች። በርሊን ውስጥ በሐኪምነት ይሠራ የነበረው ኦቶ ኦበርማየር እ.ኤ.አ. በ1868 በበሽተኞች ደም ውስጥ ስትንቀሳቀስ አይቷት፣ በ1873 ለዓለም አሳወቀ። ዛሬ ይህ በሽታ ከሌላው ዓለም አብዛኛው ክፍል ጠፍቷል፤ ዋና መኖሪያው ሆና የቀረችው አገራችን ናት። ይህ ሊቆጨን ይገባል።

ባክቴሪያዋ ገጿ ላይ ከምትሰቅላቸው ሊፖፕሮቲኖች አንዱ ዓይነት እጅግ ይበዛል፤ እንደ ልብስ ይሸፍናታል። ሰውነታችን በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ልብስ ያጠናና ለእሱ ልክ የሆነ አንቲቦዲ፣ ማለትም ወራሪን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ይሠራል። አንቲቦዲው ባክቴሪያዎቹን ጠራርጎ ሲያጠፋ ትኩሳቱ ይለቃል፤ ጎረቤቴም «ድኛለሁ» ያለው ያኔ ነው። ነገር ግን ባክቴሪያዋ በዘረመሏ ውስጥ ሌሎች የልብስ ዓይነቶችን አጣጥፋ አስቀምጣለች። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ትለብሳለች። ከብዙ ሺህ መካከል ጥቂቶቹ ልብስ ቀይረው ይገኛሉ፤ አንቲቦዲው የሚያውቀው የድሮውን ልብስ ነውና አያገኛቸውም። እነሱ ተራብተው ሲበዙ ትኩሳቱ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ጥናት ይህንን በሌላ የቦሬሊያ ዘመድ፣ በመዥገር በምትተላለፈው ሄርምሲ ላይ ፈትሾት ነበር። ከአንዲት ባክቴሪያ ብቻ በተራቡት ውስጥ 24 የተለያዩ ልብሶች ተገኙ። ከአንዲት! ልብሱ ቢለዋወጥም ማንጠልጠያው ግን አይለወጥም፤ ሁሉም የሚሰቀሉት በዚያው በሲስቲንና በስብ ጭራ ነው።

ታዲያ መርፌው ለምን አንቀጠቀጠው?

አንቲቦዲ የሚያጠናው ልብሱን ነው። ከዚያ የቀደመ፣ አብሮን የተወለደ ሌላ ዘበኛ ግን አለን። ይህ ዘበኛ ልብስ አያይም፤ ማንጠልጠያውን ነው የሚፈልገው። የኛ ህዋሶች እንዲህ ያለ ባለሦስት ጭራ ማንጠልጠያ አይሠሩም፤ ስለዚህ በሰውነት ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ነው። ዘበኛው ቲኤልአር-2 ይባላል፤ በነጭ የደም ህዋሶች ላይ ይቆማል። አያያዙ እ.ኤ.አ. በ2007 በምስል ታየ፦ ከሦስቱ ጭራዎች ሁለቱ በእሱ ኪስ ውስጥ ይገባሉ፣ ሦስተኛው ደግሞ በባልንጀራው በቲኤልአር-1 ውስጥ፤ ጭራዎቹ ሁለቱን ዘበኞች ጎትተው ሲያገናኟቸው የማስጠንቀቂያው ደወል ይደወላል።

ደወሉ ከሚያስወጣቸው ኬሚካሎች ዋነኛው ቲኤንኤፍ ነው። በልኩ ሲሆን መከላከያ ያስነሳል። ሲበዛ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ትኩሳት ያንራል፣ የደም ግፊት ይጥላል።

አሁን የመርፌውን ነገር እንየው። ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ሲሰጥ በደም ውስጥ የሚዋኙት እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞታሉ፣ ይፈራርሳሉ። ገጻቸው ላይ ተሰቅሎ የነበረው ሊፖፕሮቲን ከነጭራው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ዘበኞቹ ሁሉ በአንዴ ይደውላሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ከቦሬሊያ ሬከረንቲስ ለይቶ ሲመረምር ዋናው ቲኤንኤፍ ቀስቃሽ ይኸው ተለዋዋጭ ሊፖፕሮቲን ሆኖ አግኝቶታል። ክስተቱ ያሪሽ ሄርክስሃይመር ይባላል፤ በቂጥኝ ሕክምና ላይ ቀድመው በጻፉት በሁለት ሐኪሞች ስም ነው።

ለዚህ ማስረጃው ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዷ አዲስ አበባ ናት፤ እኔን በግል ደስ የሚለኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት 49 የግርሻ ትኩሳት በሽተኞች ተሳትፈዋል። 20ዎቹ ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚያስር፣ ከበግ የተገኘ አንቲቦዲ ተሰጣቸው፤ 29ኙ አልተሰጣቸውም። ካልተሰጣቸው 26ቱ ተንቀጠቀጡ፤ ከተሰጣቸው ግን 10ሩ ብቻ። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ቢሆን ኖሮ ቲኤንኤፍን ማሰር ምንም ባልለወጠ ነበር።

ይህ እውቀት ሌላ ምን ይጠቅማል?

መቀሱን ኤልኤስፒን የሚያግድ ግሎቦማይሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ እሱን መነሻ አድርገው አዲስ ፀረ ባክቴሪያ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች አሉ። ሦስቱ ሠራተኞች በኛ ህዋስ ውስጥ ስለሌሉ እነሱን ማጥቃት እኛን የሚነካ አይመስልም፤ ተስፋው ከዚህ ነው። በክትባትም በኩል ማንጠልጠያው ይሠራል። ከማጅራት ገትር ክትባቶች መካከል አንዱ፣ ለቢ ዓይነቱ የተዘጋጀ፣ ፕሮቲኑን ሆን ብሎ ከነስቡ ይዟል፤ ስቡ ዘበኛውን ስለሚቀሰቅስ ክትባቱ ይበረታል።

በሽተኛውና ቤተሰቡ ምን ያድርጉ?

ከሁሉ በፊት፣ ሕክምናውን አትሽሹ። ያልታከመ የግርሻ ትኩሳት ከታመሙት ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል፤ ሲታከም ግን ሞቱ ወደ 5 በመቶና ከዚያም በታች ይወርዳል። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ ከመድኃኒቱ በኋላ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጀምርና በ24 ሰዓት ውስጥ ያልፋል። ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ የደም ግፊት ክፉኛ ሊወርድና ሰው ሊሞት ይችላል። አልጋ ላይ ማደር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፦ ግፊቱ እየተለካ፣ ካስፈለገ በደም ሥሩ ፈሳሽ እየተሰጠው። በዚያች ሰዓት በሽተኛውን ተሸክሞ ቤት መውሰድ ከሚረዳው ቦታ ነጥሎ መውሰድ ነው። የሕክምና ባለሙያዎቻችንም መርፌውን ከመውጋታቸው በፊት «ከሰዓታት በኋላ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፣ አትደንግጡ፣ ጥሩን» ቢሉ ብዙ ነገር ይድናል። ለጎረቤቴ ጓደኞች ይህን አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም።

ከዚያ ቅማሉ። የምታስተላልፈው የልብስ ቅማል ናት፤ የምትኖረውም በሰውነት ላይ ሳይሆን በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። ዋናው መተላለፊያ ንክሻዋ አይደለም። ባክቴሪያዋ በቅማሏ አካል ውስጥ ባለው ፈሳሽ፣ በደሟ፣ ተቆልፋ ትቀመጣለች፤ ቅማሏ ስትፈርጥ ፈሳሹ በታከከ ቆዳ ወይም በዓይን በኩል ይገባል። ስለዚህ ቅማል በጥፍር አትግደሉ፤ በጥርስማ ጭራሽ። ልብሱንና አንሶላውን በፈላ ውኃ ቀቅሉት፤ መቀቀል የማይችለውን ስፌት ስፌቱን በጋለ ካውያ ተኩሱት፣ ወይም በፌስታል አስራችሁ ማንም ሳይለብሰው ሁለት ሳምንት አቆዩት። አንዱ ብቻ ታክሞ ስድስቱ በዚያው ልብስ ከቀጠሉ ትኩሳቱ ክፍሏን ይዞራል። ጎረቤቴ ከወጣ በኋላ ጓደኞቹ የሰባቱንም ልብስ ባንድ በርሜል ቀቀሉት፤ እኔም እንጨት አቀበልኩ።